ቃሉ በስምንት ሳንቲም

ማኒሴስ፣ ከቫሌንሲያ አፍንጫ ሥር፣
አውሮፕላን ጣሪያውን ሊልስ ምንም ሳይቀረው በሚያልፍበት ሰፈር፣
የኤሊሴዎን የሸክላ መዝገብ እተረጉማለሁ፤
ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ፣ ቃሉ በስምንት ሳንቲም፤
ተደምሮ የቤት ኪራይ ባይሞላም
እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ይሻላል እላለሁ።

የመጀመሪያው ገጽ፦ አዙሌኾ።
ደንበኛው ከሊድስ ጽፏል፤ «ሰማያዊ ማለት ነው፣ አይደል?»
አይደለም። ሰማያዊው ፊቱ ላይ ተለጥፎበት እንጂ
አባቱ ዐረብ ነው፤ የተወለወለ ትንሽ ድንጋይ፣
ባሕር ሲሻገር እንኳ ስሙን ያልጣለ።
«ታይል» ብዬ ጻፍኩት፤
ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ አንድ ትንፋሽ አከለ።

ቢስኮቾ።
ሁለቴ የበሰለ ማለት ነው ስሙ፤
ሸክላው ግን ገና አንዴ ነው እሳት ያየው፣
ቀለም ሳይነካው፣ ገርጥቶ፣ ውሃ እየጠማው፤
ምላስ ቢያስነኩት ይዞ አይለቅም።
ብስኩት፣ ብስኩት እያልኩ ብቻዬን ስስቅ
ኦብዱሊያ ብሩሿን ከጥርሷ አውጥታ «ምን አገኘሽ?» አለች፤
«ሻይ አምጪ» አልኳት፤ አልገባትም፤ ግን ሳቀች።

አርባ አንድ ዓመት ቀብታለች።
ኤሊሴዎ የሚያውቀው ዋጋውን ነው፤ ፍቺውን እሷን ነው የምጠይቀው።
«ኩዌርዳ ሴካ፣ ደረቅ ገመድ፤ የታለ ገመዱ?»
«የለም።»
«ደረቁስ?»
«ቅባት ነው እንጂ፣ በጥቁር ዱቄት የተለወሰ፤
ቀለም ወደ ቀለም እንዳይፈስ የምናሰምረው።
እሳት ሲገባ ቅባቱ ይነዳል፣ መስመሩ ይቀራል።»
እንግዲህ ገመድ አይደለም፣ ደረቅም አይደለም፤
ተቃጥሎ ማለቁ ነው አጥር ያደረገው።
ይህን ሁሉ በሁለት ቃል? በአሥራ ስድስት ሳንቲም?
እንዳለ ተውኩት፤ እንደለበሰው ይሂድ።

ኦላምብሪያ፦ መዳፍ የማትሞላ ባለ ሥዕል ሸክላ፣
በቀይ ወለል መሃል እዚህም እዚያም ጣል የምትደረግ፤
ጥንቸል፣ ሮማን፣ አንዳንዴ የቀቢዋ ጎረቤት ፊት።
እንግሊዝኛው ስም አላወጣላትም፤
«ጣልቃ የገባች» ይላታል፣ ነገረኛ ይመስል።
ከምላሴ ሥር አማርኛው ብድግ አለ፦ ፈርጥ!
ማን ጠራህ? ማንስ ይከፍልሃል?
ተቀመጥ አልኩት። ተቀመጠ።

ሴኔፋ ላይ ግን አልቀመጥ አለ።
የግድግዳውን ወገብ ይዞ የሚሮጥ መስመር ነው፤
መዝገበ ቃላቱ «ቦርደር» ብሎ ፈረደ።
ቦርደር! ሁለት ሌሊት ሰልፍ ላይ ያቆመኝ ቃል፣
አሥሩን ጣቴን በቀለም ያስነከረኝ፣
ሰው ገላውን በሚታጠብበት ክፍል ምን ይሠራል?
ስፓኒሹ ከልብስ ጠርዝ የመጣ ነው፤
ለልብስ ጠርዝ እኔ ዘንድ ቃል አለ፣ ልክክ የሚል።
በረቂቁ ዳር በእርሳስ ጻፍኩት፦ ጥለት።

ኦብዱሊያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ሦስቱን ፊደል አየቻቸው፣ ሽቦ ላይ እንዳረፉ ወፎች።
«ይሄ ምንድነው?»
«ሴኔፋ።»
«በማን?»
«በኔ።»
ሌላ አልጠየቀችም።

ማክሰኞ ምድጃው ሲከፈት
ሃያ ሸክላ፣ በኮባልት ቀለም፦ ጥለት፣ ጥለት፣ ጥለት፤
«ጥ» እግሩ ረዝሞ፣ «ለ» በጀርባው ወድቆ፣ «ት» ቅጠል አብቅሎ።
ኤሊሴዎ ጎንበስ ብሎ አንዱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤
«ቆንጆ ሐረግ ነው» አለ፣ «የምን ተክል ነው?»
የወይኑን ሐረግ ማለቱ ነበር።
ሐረግ የምንለው ስንት ነገር እንደሆነ ማን ነግሮት!

ቁጥር አርባ ሰባት ተብሎ መዝገብ ገባ፤
የሊድሱ ሰው ሦስት መቶ አዘዘ፣ ለመታጠቢያ ቤቱ።
ገንዳው ውስጥ ተጋድሞ፣ እንፋሎት መሃል፣
ዙሪያውን ሳያነበው ሲያየው ይኖራል።
ስም በሚለው ሳጥን ላይ ብዙ ቆየሁ፤
ሲመሽ «ቦርደር» ብዬ ጻፍኩ፤
ስምንት ሳንቲሙን ግን ከሒሳቤ ቀነስኩ።